የመፃጉዕ ሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል። በቤተ ሳይዳ 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረውን በሽተኛ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ እንደ ፈወሰው የምናስብበት ነው (ዮሐ. 5፥1-9)። ጌታ ስለ መዳኑ ሲጠይቀው በሽተኛው ስለ ሕመሙ አላወራም። ውኃው ሲናወጥ ወደ ውስጥ የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው።

ዛሬ በደጀ ሰላማችን የተቀመጡ ብዙ መፃጉዖች ግን ሰው አላቸው። ያ ሰው የ9 ወይም የ10 ዓመት ልጅ ነው።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት ልጅ የበትር ጫፍ ይዛ ዓይነ ስውር አባቷን እየመራች ስትመጣ አየሁ። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ረፋድ ነው። ሳንቲም ሰጥቼ ላልፍ ስል «ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አልኳት። «ሁለተኛ ክፍል ላይ ተውኩት። አባዬን ማን ይመራዋል?» አለችኝ። አባትየው አንገታቸውን ደፉ። ለልጃቸው የማያስቡ እንዳይመስላችሁ፤ ቢያስቡማ ነው የደፉት።

እኔም በቆሎ ትምህርት ቤት ሳለሁ አኩፋዳ አንግቼ፣ ውሻ እያባረረኝ ለምኛለሁ። በእንተ ስማ ለማርያም ያልኩት ግን ለመማር ነው፤ ማታ ከመምህሬ እግር ሥር እቀመጥ ነበር። ይህች ልጅ ስትለምን ውላ ማታ ወደ ምን ትመለሳለች?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ ክፍያ አስቀርቶ ነበር። ነገር ግን ቤቱ የልጁን ዓይንና ጉልበት ሲፈልግ የክፍያ መቅረት ብቻውን ምን ያደርጋል? አባት ከሥራ ሲቀነስ ወይም ግንባታ ላይ ወድቆ ወገቡ ሲጎዳ ልጁ የሊስትሮ ሣጥን ያነሣል። መጀመሪያ ቅዳሜ ብቻ ነው። ቀጥሎ ዓርብ ይጨመራል። ከዚያ ፈተና ያመልጠዋል። ማንም ትምህርትህን ተው አላለውም።

በነቢዩ ኤልሳዕ ዘመን ባሏ የሞተባት ሴት ሁለት ልጆቿን ባለ ዕዳ ሊወስድባት መጥቶ ነበር (2ነገ. 4፥1-7)። ዘይቱን ያበዛው እግዚአብሔር ነው፤ ባዶ ማድጋ ያዋሱት ግን ጎረቤቶቿ ናቸው። ማድጋው ባይኖር ዘይቱ በምን ይቀዳ ነበር?

ከምሳችን የቀረውን ለነዳያን መስጠት የአባቶቻችን ሥርዓት ነውና አትተዉት። በዚህ ጾም ግን ሳንቲሙን ስትሰጡ ቆም ብላችሁ ልጁን ስንተኛ ክፍል ነህ በሉት። የጽዋ ማኅበራችሁም አንድ ልጅ ይያዝ። ሥራ የፈታ አባት ካወቃችሁ ጥበቃም ቢሆን ፈልጉለት፤ ለልጁ ደብተር ከመግዛት ይህ ይበልጣል። አባት በልጁ ፊት ቀና ይላል።

እኛም ከሰንበት ትምህርት ቤት አምስት ሆነን ተራ ገብተናል። ጠዋት አባትየውን ከቤት እናመጣቸዋለን፣ ከቅዳሴ በኋላ እንመልሳቸዋለን። አንዳንዱ ቀን ያረፍድብናል፤ አልደብቃችሁም። ልጅቱ በመስከረም ሁለተኛ ክፍልን እንደገና ጀምራለች። ማክሰኞ የእኔ ተራ ነው። በትሩን ስይዝላቸው ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁኝ «ደወሉ ሳይደወል ደርሳ ይሆን?» እያሉ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።