የዘር ሐረግ ሲቆጠር የሚታለፈው ማን ነው?

ባለፈው ዓመት እዚህ ፉሪ አንዲት የማኅበራችን እኅት ስትታጭ፣ እንደ ልማዳችን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር ተባለ። በአባቷ በኩል የመጡት አዛውንት ወረቀት ሳይዙ፣ በኦሮምኛ፣ አባት የአባት አባት እያሉ ያለ ድካም ዘለቁ። በእናቷ በኩል ግን ቆጠራው ከአያቷ ሲያልፍ ቆመ። «እሳቸውን እለፉ» አሉ አንዲት አክስት። አያትየው እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ ምንም አልተናገሩም።

በኋላ እንደተረዳነው የአያትየው እናት በልጅነታቸው በገንዘብ ተገዝተው ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው። ልጃቸውም በእመቤቲቱ ስም ስትቆጠር ኖራለች። እኅታችን የዘር ሐረጓን በደብተር መጻፍ ጀምራ ስለ ነበር «ልዝለላቸው ወይስ ልጻፋቸው?» ብላ ጠየቀችን። በዚህ ነገር ሁለት እሑድ ተከራከርን።

መዝገብ እንዳንፈልግ፣ በአገራችን የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ላለው የሽማግሌ ቃል፣ የክርስትና ስም፣ አልፎ አልፎም በወንጌል መጽሐፍ ኅዳግ የተጻፈ የርስት ነገር ይገኛል። በጎጃምና በጎንደር ርስት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚው አባት መወለዱን ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ዘር መቁጠር እንጀራ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እንኳ የንጉሡ ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ መውረዱን በአንቀጽ ጽፏል። የሚወርሰው ያለው ይቆጥራል። የተገዛችውን ሴት ማን፣ ለምን ብሎ ይቁጠራት? ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢቀርም፣ አዋጁ በቆጠራው ላይ ስም አልጨመረም።

ከመካከላችን አንዱ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ለቲቶ ሲጽፍ ከትውልዶች ታሪክ እንዲርቅ አላዘዘምን? አለ። አዝዟል፤ ነገር ግን ክርክሩን መራቅና ሰው መደበቅ አንድ ናቸውን? ወንጌላዊው ማቴዎስ ራሱ በቆጠራው ዘሏል፤ የዘለላቸው ግን ነገሥታት ናቸው፤ ከኢዮራም በኋላ አካዝያስን፣ ኢዮአስንና አሜስያስን አልጠራም። ትዕማርን፣ ረዓብንና ሩትን ግን ጽፏል። የቤርሳቤህን ስም ትቶ የኦርዮን ሚስት ማለቱ ለብዙዎቻችን እንቆቅልሽ ነበር፤ ለእኛ እንደሚመስለን የዳዊት በደል እንዳይረሳ ነው።

የከበደን ሌላ ነገር ነው። «ባሪያ» የሚለው ቃል ዛሬም ትዳር ያፈርሳል። ጻፊ ብለን የምንመክረው እኛ ነን፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን እኅታችን ናት፤ ከእርሷም በፊት እስከ ዛሬ ዝም ያሉት አያቷ። ኀፍረቱ የገዢው እንጂ የተገዛችው አይደለም ማለት ለእኛ ቀላል ነው። ስለዚህ አትዝለያቸው ብንልም፣ አስቀድመሽ አያትሽን ጠይቂ አልናት።

ጠየቀች። አያትየው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም እመቤቲቱ ያወጣችውን ስም ሳይሆን የእናታቸውን የክርስትና ስም ነገሯት፤ ደግማም እንድትጠራው አደረጓት። እኅታችን በደብተሯ ጽፋዋለች። አባት የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።