ከዛፉ ላይ ሳታወርጃት

የኔ ልጅ፣ በሜሪላንድ ጓሯችሁ የምታያትን ግራጫ የዛፍ እንቁራሪት በመስታወት ቤት ላሳድጋት ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ምኞትሽ ደስ ይላል። ግን የዛፉን ተይው። ቤት ውስጥ ተፈልፍላ ያደገች ከአርቢ ፈልጊ። ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱን ደውለሽ ጠይቂ።

ይህን የምልሽ አንዴ ቤት የገባች እንቁራሪት ወደ ዱር ስለማትመለስ ነው። ኪትሪድ የሚባል ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስ ቢያንስ 501 የእንቁራሪትና የዘመዶቿን ዝርያዎች እንዳመናመነ፣ 90ዎቹም ጨርሰው ጠፍተዋል ተብሎ እንደሚገመት ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. አሳውቀዋል። ከሱቅ እንስሳ የተያዘ በሽታ ሰልችቶሽ በለቀቅሻት አንዲት እንቁራሪት ጫካ ሊገባ ይችላል። እንክብካቤ ካገኘች ደግሞ ብዙ ዓመት ትኖራለች። ኮሌጅ ስትገቢ ማን እንደሚይዝልሽ ከአሁኑ አስቢበት።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ውሃው ነው። እንቁራሪት በአፏ አትጠጣም፤ ውሃ ላይ ተቀምጣ በሆዷ ሥርና በጭኖቿ መሃል ባለው ስስ ቆዳ ትመጠዋለች። ሳህኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰውነቷ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። የቧንቧ ውሃ ካደረ ክሎሪኑ ይተናል ሲሉ ትሰሚ ይሆናል። ለክሎሪን እውነት ነው። ጎረቤታችሁ ዋሽንግተን ዲሲ ግን ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ የምትጠቀመው ክሎራሚን ነው፤ እሱ ደግሞ በማደር አይለቅም። የእናንተም ውሃ እንዲያ ሊሆን ስለሚችል ከዓሣ መሸጫ ክሎራሚንን እንደሚያጠፋ የተጻፈበትን ጠብታ ግዢ፣ ውሃውንም በየቀኑ ቀይሪ። በዚያው ቆዳ የእጅሽ ቅባትና ሳሙናም ይገባልና ያለ ግድ አትንኪያት። ግድ ከሆነ እጅሽን በንጹሕ ውሃ ደጋግመሽ አለቅልቂና እርጥብ እንዳለ ያዣት።

ቤቷ ከስፋቱ ቁመቱ ይብለጥ፤ 45 በ45፣ ቁመቱ 60 ሴንቲሜትር ቢሆን ለሁለት ወይም ለሦስት ይበቃል። ቅርንጫፍና ቅጠላ ቅጠል አስገቢበት፤ ከላይ ወንፊት ይኑረው። ከሥሩ የኮኮናት ቃጫ አንጥፊ፣ ጠጠር ግን አይሁን፣ ከምግቧ ጋር ትውጠዋለች። ሙቀቱ ከ18 እስከ 26 ዲግሪ ይበቃታል። ማታ ማታ ውሃ ርጪላት፤ ቀን ግን ጠፈፍ ይበል። ብዙዎች እርጥበት ትወዳለች ብለው ቤቱን ረግረግ ያደርጉታል፤ ቆዳዋ የሚታመመው ያኔ ነው።

የምትበላው በሕይወት ያለ ነፍሳት ነው። ክሪኬት የሚባሉትን ፌንጣ መሰል ነፍሳት ከሱቅ ግዢ። መጠናቸው በዓይኖቿ መሃል ካለው ክፍተት አይብለጥ። ለአዋቂዋ በሁለት ቀን አንዴ፣ መሸት ሲል፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ 3 ያለበት ዱቄት ነስንሰሽባቸው ስጫት፤ ያለዚያ አጥንቷ ይለሰልሳል። ስትውጥ ቀረብ ብለሽ እያት። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ፤ ጉርሻውን ወደ ጉሮሮዋ የምትገፋው በእነሱም ጭምር ነው። እኔ ይህን ማየት አልጠግብም።

ታናሽ ወንድምሽ ደግሞ እጁን ሳይታጠብ ከዚያ ቤት አይራቅ። ከ2009 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በ42 ስቴቶች 241 ሰዎች ከድንክ የውሃ እንቁራሪቶች በመጣ ሳልሞኔላ ታመዋል፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። የእንቁራሪቷን ሳህን ወጥ ቤት ሲንክ ውስጥ አትጠቢ።

ከአገር ቤት በሚመጣ ዘመድ ማስመጣትንም አታስቢው። በእንሰት ስም የተሰየመች፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማትገኝ ትንሽ እንቁራሪት አለችን። ደኗ እየሳሳ ለአደጋ ከተጋለጡት ተመዝግባለች። እሷን በሻንጣ የሚጭን ወገን የኔ ወዳጅ አይደለም።

የጓሯችሁን ግን እዚያው ልትረጃት ትችያለሽ። በሰኔ ማታ ማታ የሚጮኸው ወንዱ ነው፤ ሴቷን እየጠራ ነው። እንቁላል የሚጣለው ዓሣ በሌለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ስለሆነ፣ አጥሩ ሥር ዝናብ የሚያቁረውን ጉድጓድ አትድፈኑት። የትንኝ መድኃኒት የሚረጩት ሰዎች ሲመጡም ወደዚያ እንዳይጠጉ ለእናትሽ ቀድመሽ ንገሪያት።