ወገብ ይሸከም፣ እጅ ይምራ

ልጄ፣ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በሳይክል ለመሄድ ማሰብሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ከመነሳትሽ በፊት «የትኛው መሪ ይመቸኛል?» ብለሽ መጠየቅሽ ደግሞ ይበልጥ አስደስቶኛል። ብዙ ሰው ስለ ጎማና ስለ ማርሽ ሲጨነቅ ይከርምና መሪውን ግን ሳይክሉ ይዞት እንደመጣ ይቀበላል። መንገድ ላይ ግማሽ ቀን ከዋለ በኋላ የሚያማርረው ግን ስለ መዳፉ፣ ስለ አንገቱና ስለ ትከሻው ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለረጅም መንገድ የሚመች መሪ እጅሽን ብዙ ቦታ የሚያሳርፍልሽ መሪ ነው። አንድ መያዣ ብቻ ያለው መሪ፣ መያዣው ሱቅ ውስጥ ምንም ያህል ቢመችሽ፣ ሰዓቱ ሲረዝም ቅጣት ይሆናል። ሰው አልጋው ላይ እንኳ ተኝቶ ይገላበጣል፤ እጅም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዋጋውንና መልኩን ከማየትሽ በፊት «ይህ መሪ ስንት ቦታ ያስይዘኛል?» ብለሽ ጠይቂ።

ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ግን ኮርቻሽን ተመልከቺ። የእጅ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከኋላ ነው። የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች ካዘነበለ ሰውነትሽ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ያንን ሁሉ ክብደት መልሶ የሚገፋው መዳፍሽ ነው። ኮርቻው ከልኩ በላይ ወደ ፊት ከተጠጋም ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኮርቻውን በውኃ ልክ አስተካክዪ፣ ቀጥሎ ጥቂት በጥቂት ወደ ኋላ እየሳብሽ ሞክሪ። ልኩን የምታውቂበት መንገድ ቀላል ነው። መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ ፔዳሉን ደህና አድርገሽ እየረገጥሽ ሁለቱን መዳፎችሽን ከመሪው ላይ በጣም ጥቂት ብቻ ከፍ አድርጊ። ወደ ፊት ካልተደፋሽ ሚዛንሽ ጥሩ ነው። ከተደፋሽ ግን የዓለምን ውድ መሪ ብትገዢም አይረዳሽም። ወገብ ይሸከም፣ እጅ ይምራ፤ ሕመም የሚመጣው ሥራቸውን ሲለዋወጡ ነው።

ሕመሙ የት እንደሆነም ለይተሽ እወቂ። የቀለበት ጣትሽና ትንሿ ጣትሽ ከደነዘዙ የተጫንሽው ኡልናር የሚባለውን ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ የሚያልፈው በትንሿ ጣት በኩል ባለው የመዳፍ ሥር ነው፤ የሳይክል ነጂ ክብደቱን የሚጥለውም ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ነው። መፍትሔው ጫናውን መቀነስ፣ መያዣ ቶሎ ቶሎ መቀየርና መዳፍን በሰፊው የሚያሳርፍ እጀታ ማድረግ ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ከደነዘዙ ደግሞ ነገሩ ከእጅ አንጓሽ ነው፤ አንጓ ተቆልምሞ ሲቆይ በመሃሉ የሚያልፈው ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ይጨመቃል። የፍሬኑን መያዣ መሪው ላይ ጥቂት አዙሪውና ክንድሽ፣ አንጓሽና ጣቶችሽ አንድ መስመር እስኪሆኑ አስተካክዪ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ብሎን አላልቶ መልሶ ማጥበቅ ነው። ከጉዞ በኋላ መደንዘዙ ለቀናት ካልለቀቀሽ፣ ወይም ቁልፍ መቆለፍና ብዕር መያዝ ካቃተሽ ግን ሳይክሉን ትተሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

አሁን ወደ መሪው ቅርጽ እንምጣ። ቤትሽ ሆነሽ ይህን አድርጊ። በየእጅሽ አንድ አንድ እርሳስ ጨብጪ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ክንዶችሽን ልቀቂያቸው፣ ዓይንሽን ጨፍኚ። ከዚያ ሳትጨነቂ ሳይክል እንደምትይዢ ሆነሽ ክንዶችሽን ወደ ፊት አንሺና ዓይንሽን ክፈቺ። ሁለቱ እርሳሶች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ አይሆኑም። በአውራ ጣት በኩል ያለው ጫፋቸው ወደ ፊትና ወደ ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ደግሞ ወደ ኋላና ወደ ታች ያዘነብላል። እጅሽ ሳይገደድ የሚያርፈው እንደዚያ ነው። እያንዳንዱን መሪ በዚህ መዝኚው።

የማውንቴን ሳይክል ቀጥ ያለ መሪ ከዚህ አያያዝ የራቀ ነው። ወደ ኋላ የሚታጠፈው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 9 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ አንጓን ይጠመዝዛል፤ መያዣውም አንድ ብቻ ነው። ጥቅሙ ሳይክሉን በደንብ መቆጣጠርሽና ፍሬኑ ሁልጊዜ ከጣትሽ ሥር መሆኑ ነው።

በድሮዎቹ የቻይና ሳይክሎች፣ በእነ ፎኒክስ ላይ የምናውቀው ወደ ነጂው የተቆለመመ መሪ ለአንጓ ደግ ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ውስጥ ገበያ ደርሶ ለመመለስ ከእሱ የሚሻል የለም። ረጅም መንገድ ላይ ግን ቀጥ አድርጎ ስለሚያስቀምጥሽ ክብደትሽ በሙሉ ኮርቻው ላይ ይወድቃል፣ ደረትሽም ነፋሱን በሙሉ ይቀበላል።

ሦስተኛው አውሮፓውያን አገር ለአገር ሲዞሩ የሚጠቀሙበት፣ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ዙሪያውን የተጠማዘዘው መሪ ነው። መልኩ አያምርም፤ ግን በጎኑም፣ በፊቱም፣ በጥጉም ትይዢዋለሽ። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የማውንቴን ሳይክል ፍሬንና ማርሽ ሳይቀየር የሚገጠምበት መሆኑ ነው።

አራተኛው የኮርስ ሳይክል መሪ ነው። ከላይ ያለው ቀጥ ያለው ክፍል፣ መታጠፊያው፣ የፍሬኑ ጉብታ፣ ከታች ያለው ቆልማማ፤ ሁሉም መያዣ ነው። ከሁሉ የሚመቸው ጉብታው ነው፤ እጅሽ ሲጨባበጥ እንደሚሆነው ይቆማል፣ ፍሬኑም እዚያው አለ። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1891 የተጀመረው የፓሪስ-ብሬስት-ፓሪስ ጉዞ ዛሬ 1,200 ኪሎ ሜትር በ90 ሰዓት ውስጥ የሚጨረስ ነው፤ እዚያም በብዛት የምታዪው ይህንኑ መሪ ነው። ነገር ግን እነዚህ የረጅም ርቀት ሰዎች መሪያቸውን እንደ ተወዳዳሪ ዝቅ አያደርጉትም። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ሁላችንም ኮርተናል፤ የእሱን አቀማመጥ በፎቶ አይተሽ ለመቅዳት ግን አትሞክሪ። ተወዳዳሪ ዝቅ የሚለው ነፋስን ለመሸሽ ነው፤ ወገቡም ለዓመታት የሠለጠነ ነው። አንቺ መሪሽን ከኮርቻሽ ጋር እኩል፣ ወይም ጥቂት ብቻ ዝቅ አድርገሽ ጀምሪ። የቆልማማው ጥልቀት 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ፣ ወደ ፊት የሚዘልቀውም ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ምረጪ። ጥልቅ የሆነው ሱቅ ውስጥ ያምራል እንጂ ወደ ታች አንድም ቀን አትወርጂበትም፤ የማትይዢው ቦታ ደግሞ ትርፍ ብረት ነው።

ክንድ የሚያሳርፉ ረጃጅም ዘንጎችም አሉ። የሳይክል ተወዳዳሪው ግሬግ ለሞንድ እ.ኤ.አ. በ1989 የቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን፣ 24.5 ኪሎ ሜትር በነበረው የሰዓት ሙከራ፣ በእነሱ ታግዞ ተፎካካሪውን ሎራን ፊኞንን አልፎ ውድድሩን በ8 ሰከንድ አሸንፏል። ረጅም መንገድ የሚሄዱ ሰዎች ግን ከፍጥነቱ ይልቅ የሚወዷቸው ክብደቱ በክንድ ላይ ሲያርፍ መዳፍ ስለሚገላገል ነው። ለአንቺ መንገድ ግን አልመክርም። ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ፣ ከመቂ እስከ ሻሸመኔ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ከብቱና አይሱዙው ድንገት ይገባብሻል፤ እነዚህ ዘንጎች ላይ ስትሆኚ ደግሞ እጅሽ ከፍሬኑ የራቀ ነው።

ስፋቱን በትከሻሽ ለኪ። ሰው አስለክተሽ ከአንዱ ትከሻ ጫፍ አጥንት እስከ ሌላው ያለውን ርቀት ያዢ፤ የኮርስ መሪ ከዚያ ጋር ቢቀራረብ ጥሩ ነው። ገበያ ላይ በአብዛኛው የምታገኚው ከ38 እስከ 46 ሳንቲ ሜትር ነው። ከውጭ አገልግለው የሚገቡት ሳይክሎች ብዙዎቹ ለሰፊ ትከሻ የተሠሩ ስለሆኑ «ለሁሉም ይሆናል» የሚልሽን ነጋዴ አትስሚ። ከልክ በላይ የሰፋ መሪ ትከሻሽን ከፍቶ አንገትሽን ያደክማል። ቀጥ ያለው የማውንቴን መሪማ አሁን አሁን እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ለአስፋልት በጣም ብዙ ነው። እሱን ማሳጠር ይቻላል፤ ብረቱን ከመቁረጥሽ በፊት ግን እጀታውንና ፍሬኑን ወደ ውስጥ አስጠግተሽ ለተወሰነ ጊዜ ንጂበት። ልኩን ካገኘሽ በኋላ ቁረጪ፤ የተቆረጠ አይቀጠልም። የፍሬኑ መያዣ ለጣትሽ ከራቀሽም ብዙዎቹ ላይ የምታቀርቢበት ትንሽ ብሎን አለ፤ ባለሙያውን ጠይቂው።

ገንዘብ የሚበላው ስህተት የሚፈጸመው ግን ግዢ ላይ ነው። መሪው ከሳይክሉ አንገት ጋር የሚታሰርበት ቦታ ውፍረት ይለያያል፤ የዛሬዎቹ ባመዛኙ 31.8 ሚሊ ሜትር፣ የቆዩት 25.4 ወይም 26 ናቸው። እጅ የሚይዘው ክፍልም እንዲሁ ነው፤ የማውንቴን መሪ 22.2፣ የኮርስ መሪ 23.8 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ፍሬንና ማርሽ መቀየሪያ ሌላው ላይ አይገባም፤ ስለዚህ ማውንቴን ሳይክልን ወደ ኮርስ መሪ መለወጥ መሪ ብቻ መግዛት አይደለም። በዚያ ላይ የማውንቴን ሳይክል አካል ረጅም ስለሆነ የኮርስ መሪ ሲገጠምበት እጅሽ ይበልጥ ይርቃል፤ አንገቱንም በአጭር መቀየር የግድ ይሆናል። ውፍረት መለኪያ ካሊፐር ያለው ባለሙያ ይዘሽ ሂጂ፣ ለክተሽ ግዢ።

ያገለገለ መሪ ከሆነ ላዩ ላይ የተጠቀለለውን ናስትሮ ሳታስፈቺ ገንዘብ አትክፈዪ። ላብ በናስትሮው ሥር ለዓመታት ሲጠራቀም አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ናስትሮው ሲነሳ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገርና ጥቃቅን ጉድጓዶች ታዪ ይሆናል። ፍሬኑ የታሰረበትንና አንገቱ የጨበጠውን ቦታ በጨርቅ ጠርገሽ በጥፍርሽ ዳብሺ፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ጥፍርሽን ከያዘችሽ መልሺለት። ያገለገለ የካርቦን መሪ ደግሞ ጨርሶ አትግዢ፤ ወድቆ እንደሆነ ከላይ አያስታውቅም። አዲስም ሲገጠም አጥብቆ መጠምዘዝ ጥሩ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ልኩ አብዛኛውን ጊዜ አንገቱ ላይ ተጽፏል፤ 5 ወይም 6 ኒውተን ሜትር ይላል፤ ከዚያ በላይ መጥበቅ ብረቱን ይጎዳል።

ናስትሮውን ወፈር አድርገሽ አስጠቅልዪ፤ ከላዩና ከጉብታው ሥር ሁለት ድርብ ቢሆን መዳፍሽ ያመሰግንሻል። ጓንት አትርሺ። ጎማውንም ድንጋይ እስኪሆን አታስነፊው፤ መንገዱ የሚልከው ንዝረት ወደ እጅሽ የሚመጣው ከእሱ ነው። ስትነጂ ክርንሽ ቆልመም ይበል፣ በየጥቂት ደቂቃው መያዣ ቀይሪ። ሕመም እስኪመጣ ከጠበቅሽ ዘግይተሻል።

ይህን ሁሉ ደግሞ ለጉዞው ሳምንት አታቆዪው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። አዲስ መሪ ከገጠምሽ በኋላ መጀመሪያ ቢሾፍቱ ደርሰሽ ተመለሺ፣ ቀጥሎ ሞጆ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፤ ኮርቻውን፣ አንገቱንና መሪውን አንድ ላይ ከነካካሽ የረዳሽንም የጎዳሽንም አታውቂም። የብሎን መፍቻሽን ይዘሽ ውጪ፤ መንገድ ዳር ቆመሽ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ ማድረግ ሱቅ ውስጥ ከሚሰጥ ምክር ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ያለሽ ማውንቴን ሳይክል ስለሆነ ፍርዴ ይህ ነው። አዲስ ሳይክልም፣ የኮርስ መሪም አትግዢ። ኮርቻሽን አስተካክዪ፣ ያለሽን መሪ ወደ ልክሽ አሳጥሪ፣ መዳፍ የሚያሳርፍ ሰፊ እጀታ አድርጊበት፣ ከሁለቱ ጫፎች ላይ ደግሞ አጫጭር ቀንዶች አስገጥሚ። ቀንዶቹን ስትይዢ እጅሽ በእርሳሱ እንዳየሽው ይቆማል፤ በጥቂት ገንዘብ ሁለተኛና ሦስተኛ ቦታ አገኘሽ ማለት ነው። ከተማ ውስጥና ቁልቁለት ላይ ግን ወደ ፍሬኑ ተመለሺ። ይህ ካልበቃሽ ቀጣዩ የቢራቢሮው መሪ ነው። ሐዋሳ ደርሰሽ ከወደድሽውና «ከዚህም የራቀ እሄዳለሁ» ካልሽ ያን ጊዜ ከመነሻው የኮርስ መሪ ይዞ የተሠራ፣ በቁመትሽ ልክ የሆነ ሳይክል እንፈልጋለን። እስከዚያው መንገድሽን ያቅናልሽ።