«መቀመጥ ሐራም ነው ወይ?»



ባለፈው የብርድ ወቅት ከዒሻ ሶላት በኋላ በተዘጋጀ የወጣቶች ፕሮግራም ላይ አንድ የ19 ዓመት ወንድማችን እጁን አውጥቶ «ኮምፒውተር ላይ በቀን 12 ሰዓት መቀመጥ ሐራም ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሱ ግን አልሳቀም። ቀን ኮሌጅ፣ ማታ የኮዲንግ ኮርስ፣ ሌሊት ደግሞ ጌም ነው ኑሮው። ወገቡን ስለሚያመው ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ ጀምሯል። የ19 ዓመት ልጅ ከሽማግሌዎቹ ጎን ወንበር ይዞ! ይህን ሲነግረን ሳቁ ቆመ።

እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ሐላልና ሐራም የሚለውን ፍርድ ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። ጥያቄው ግን ከዚያ ምሽት ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም፤ እኔም በቀን አሥር ሰዓት ስክሪን ፊት ተቀምጬ እንጀራዬን የማገኝ ሰው ነኝና። ከወገብ ሕመሙ ጀርባ ሌላ ጥያቄ አለ። ይህ አካል የማን ነው? የኔ ከሆነ እንደፈለግኩ ባደርገው ማን ያገባዋል? ማንንም አልመታሁ፣ የማንንም አልወሰድኩ፤ በገዛ ክፍሌ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ነው የተቀመጥኩት።

መልሱን በአንድ ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። አካል አማና ነው። ችግሩ ቃሉን ከመልመዳችን የተነሣ ትርጉሙ ሳይሰማን ማለፉ ነው። በአማርኛ «አደራ በላ» የሚባል ከባድ ስድብ አለ። አደራ በላ ስንል ብዙ ጊዜ የሰው ገንዘብ የሰረቀ ሰው ይታየናል፤ አደራ ግን ሳይነኩትም ይበላል። ጎረቤትህ አገር ቤት ሲሄድ መኪናውን ትቶልህ ሄደ እንበል። አንተ አልነዳኸው፣ አላጋጨኸው፤ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቦታ አቆምከው። ሲመለስ ባትሪው ሞቷል፣ ጎማው ወርዷል፣ ፍሬኑ ዝጓል። «ምንም አላደረግኩትም» ብትለው እውነትህን ነው። ጥፋትህም እሱ ነው።

የሰልማንና የአቡ ደርዳእን ታሪክ የማያውቅ ካለ በቡኻሪ ሐዲስ ውስጥ ይገኛል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሁለቱን ወንድማማች አድርገዋቸው ነበር። ሰልማን ሊጠይቀው ሲሄድ የአቡ ደርዳእ ባለቤት ራሷን ጥላ ያገኛታል። ምክንያቱን ሲጠይቃት ባሏ ለዱንያ ጉዳይ ግድ እንደሌለው ትነግረዋለች። ቀኑን ይጾማል፣ ሌሊቱን ይሰግዳል። ሰልማን በዚያ ቀን ጾሙን አስፈታው፤ ሌሊት ሊነሣ ሲል ተኛ እያለ መለሰው፤ በመጨረሻው የሌሊት ክፍል አብረው ሰገዱ። ከዚያም ጌታህ፣ ነፍስህና ቤተሰብህ እያንዳንዳቸው ባንተ ላይ ሐቅ አላቸውና ለሁሉም ሐቁን ስጥ አለው። ጉዳዩ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ ሰልማን ልክ መሆኑን አጸደቁለት።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። አቡ ደርዳእ ያበዛው ጌም ወይም ዩቲዩብ አልነበረም። ያበዛው ዒባዳ ነው! የሰው ልጅ ከሚሠራው ሁሉ የላቀው ነገር እንኳ የአካልንና የቤተሰብን ሐቅ የሚበላ ሲሆን ልክ ከተበጀለት፣ የቢሮ ሥራና የኮምፒውተር ጨዋታ ልክ የለውም የምንለው በምን ሒሳብ ነው?

ግን እውነቱን እንነጋገር። በኛ ቤት መቀመጥ መልካም ነገር ነው። «አርፈህ ቁጭ በል» እየተባልን ነው ያደግነው። ጨዋ ልጅ ማለት ቁጭ ብሎ የሚያጠና ልጅ ነው። ቋንቋችንም ራሱ «የት ነው የምትቀመጠው?» ብሎ ሲጠይቅ የት ትኖራለህ ማለቱ ነው፤ መኖርና መቀመጥን አንድ አድርጎታል። አያቶቻችን ግን ተቀምጠው አልኖሩም። በወሎ እነ ዳናና ጌታ ስማቸው የታወቀ የዒልም ቦታዎች ናቸው። እዚያ የሚቀሩት ደረሶች ከሸኻቸው ፊት ለረጅም ሰዓት ይቀመጡ ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን ፊቅህ ከአንዱ፣ ነህው ከሌላው፣ ተፍሲር ከሦስተኛው ለመቅራት ከአገር አገር በእግራቸው የሚዞሩት እነሱው ናቸው። እንጨት ይለቅማሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። እኛ ከዚያ ሕይወት መቀመጡን ብቻ ወርሰን መራመዱን ተውነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር ልምጣ። ያ ወንድማችን ከፕሮግራሙ በኋላ ለብቻችን ስንሆን እንዲህ አለኝ፦ «አባቴ ታክሲ ውስጥ በቀን 14 ሰዓት ተቀምጦ ነው ያሳደገኝ። እኔ ኤሲ ባለው ክፍል ተቀምጬ አመመኝ ብል አላፍርም?»

ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚመልስ ሰው የኛን ሰፈር አያውቅም። በላንድማርክ፣ በዱክ ስትሪትና በቫን ዶርን ዙሪያ ባሉት አፓርታማዎች ያደገ ልጅ ሁሉ አባቱ፣ አጎቱ ወይም ጎረቤቱ ሾፌር ነው። ሬገን ኤርፖርት ሰልፍ ይዘው የሚያድሩትን እናውቃቸዋለን። ግማሹ ዛሬ ስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው። ይህ ሁሉ ከመቀመጥ ብቻ የመጣ ነው አልልም፤ ጭንቀቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ በየመንገዱ የሚበላው ምግብ አለ። ግን መቀመጡም ድርሻ አለው። ቁጭ ብለው በሚሠሩ ልብስ ሰፊዎችና ጸሐፊዎች ላይ የሚመጣውን ሕመም ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ የመዘገበው ከ300 ዓመት በፊት ነው። በ1953 ደግሞ ጄሪ ሞሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩ ሰዎችን ያነጻጸሩበትን ጥናት ላንሴት መጽሔት ላይ አወጡ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ትኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። አውቶቡሱ አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ አየሩ አንድ ነው። የልብ ሕመም የበዛው ግን በሾፌሮቹ ላይ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ግምት ደግሞ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከመሥራት ጋር በተያያዘ የልብና የስትሮክ ሕመም በ2016 ብቻ 745,000 ሰው ሞቷል። አባቶቻችን 55 ሰዓትን አንዳንዴ እስከ ሐሙስ ይጨርሱት ነበር።

ታዲያ ለወንድሜ የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር። አባትህ የተቀመጠው አንተን ከዚያ ወንበር ሊያስነሣህ ነው። የቤት ኪራይ ነበረበት፣ አገር ቤት የሚጠብቁት ነበሩ፣ ሌላ አማራጭ አልነበረውም፤ የቻለውን አድርጓል፣ አላህ ይቀበለው። አንተ ግን መነሣት ትችላለህ፤ ማንም «ተቀመጥ» ብሎ ያስገደደህ የለም። የሱን ድካም ማክበር የሱን ሕመም መድገም አይደለም። እሱም የሚፈልገው ይህን አይመስለኝም፤ ሂድና ጠይቀው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። ከኛም መካከል መነሣት የማይችሉ አሉ። ስልክ እየመለሱ የሚሠሩና ከወንበራቸው የተነሡበት ደቂቃ የሚቆጠርባቸው እህቶች አሉን። እንደነሱ ላለው ሰው «አማናህን በላህ» ማለት ግፍ ነው። አላህ ነፍስን ከአቅሟ በላይ አያስገድድም፤ ተጠያቂነቱም በአቅም ልክ ነው። በዚያ ቦታ ላይ የሚጠየቀው በመጀመሪያ አሠሪው ነው። የኔ ንግግር መነሣት እየቻለ ለማይነሣው ነው። ከነዚያ አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ።

ለምን አንነሣም? አንዱ ምክንያት ጉዳቱ የማይታይ መሆኑ ይመስለኛል። ከ24ቱ ሰዓት ውስጥ «ይህቺ ናት የጎዳችኝ» የምትላት አንዲት ሰዓት የለችም። ሦስተኛዋ ሰዓት ምንም አላደረገችህም፤ አራተኛዋም እንደዚያው። ጥፋት የሌለባቸው ሰዓታት ተደምረው ጥፋት ይሆናሉ። ከባድ የሆነ አጋጣሚም አለ፤ በኒውዚላንድ በቀን 12፣ አንዳንዴም 18 ሰዓት ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ የ32 ዓመት ሰው እግሩ ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባው ሄዶ ሕይወቱን ሊያሳጣው እንደነበር በ2003 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። የባታችን ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ደሙ ከታች ይዘገያል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚገጥም ነገር አይደለም፤ ላስፈራራችሁም አልፈልግም። የኛ የዕለት ተዕለቱ አንገትና ወገብ ነው፣ ስክሪን ላይ ፈጥጠን መርገብገብ ስለምንረሳ የሚደርቀው ዓይናችን ነው። የዓይን ሐኪሞች በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሴኮንድ እዩ ይላሉ። ሞክሩት፤ ምንም አያስከፍልም።

ደግሞ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። በ2016 ላንሴት ላይ የወጣና የአንድ ሚሊዮን ሰው መረጃ ያጠቃለለ ጥናት በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ፈጠን ብለው የሚራመዱ ወይም ያን ያህል የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ከ8 ሰዓት በላይ ቢቀመጡም ከመቀመጥ ጋር የሚያያዘው ተጨማሪ የሞት አደጋ እንዳልታየባቸው አሳይቷል። ቴሌቪዥን ፊት ከ5 ሰዓት በላይ የሚቀመጡት ላይ ግን አደጋው ቢቀንስም አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያም ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት ደግሞ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል።

አንዳንዱ ወንድም ይህን ሲሰማ «ሶላት እኮ ስፖርት ነው» ይለኛል። አልስማማም። በቀን 17 ረከዓ ፈርድ፣ 34 ሱጁድ አለ፤ አካል መንቀሳቀሱም አይካድም። ግን ለወገቡ ብሎ የሰገደ ሰው ኒያውን ይመርምር። ሶላት የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው። ጊዜው ሲገባ ሥራህ አላለቀም፤ ሆኖም ትነሣለህ። በዲሴምበር በኛ አካባቢ ዙህር ከቀኑ 12 ሰዓት ጥቂት አልፎ፣ ዓስር 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ መግሪብ 5 ሰዓት ሳይሞላ ይገባል፤ የሥራ ቀንህ ለሦስት ይቆረጣል። በጁን ደግሞ ዙህር 1 ሰዓት አልፎ ነው፣ ዓስር 5 ሰዓት አካባቢ፤ ቀኑ ረዥም ነው፣ ማንም አያነሣህም። እኔ የታዘብኩት ይህን ነው። «ይህቺን ስህተት ላስተካክል፣ ይህቺን ዙር ልጨርስ» እያልኩ ዙህርን እስከ መጨረሻው ደቂቃ የማዘገይባቸው ቀናትና ውሃ ለመጠጣት እንኳ የማልነሣባቸው ቀናት ሁሌም አንድ ናቸው። ወንበሩ ላይ የያዘኝ ሥራው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራው ሲያልቅ እነሣ ነበር። ሥራው አልቆም ስልኬን ይዤ እዚያው እቀመጣለሁ። ያን ጊዜ አዛዡ ማን ነው?

ስለ እህቶቻችን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ወንዶቹ ኳስ ሜዳ ይሄዳሉ። ሴት ልጅን «ወዴት ነው? መሽቷል፣ ቁጭ በይ» እያልን ቤት አስቀምጠን ስታበቃ በሠላሳ ዓመቷ ጉልበቷን ሲያማት እንገረማለን። ወላጆች የሚፈሩትን አውቃለሁ፤ ጅሙ ድብልቅ ነው፣ መንገዱ ጨለማ ነው። ግን የሷ አካልም አማና ነው። እህቶች በቡድን የሚራመዱበት፣ አዳራሹ ለሴቶች ብቻ የሚሆንበት ሰዓት ማዘጋጀት የማኅበራችን ሥራ ነው። ጥያቄውን በሚቀጥለው ስብሰባ አነሣዋለሁ፤ እናንተም መጥታችሁ አግዙኝ።

እኔ ከአባቴ ጋር ጀምሬያለሁ። ቅዳሜና እሑድ ከፈጅር በኋላ በሆልምስ ረን በኩል አንድ ሰዓት ያህል እንራመዳለን። መጀመሪያ ላይ ጉልበቱን እያመመው አሥር ደቂቃ ነበር የምንሄደው። አንዳንዴ በዱክ ስትሪት በኩል ስንመለስ በ1965 ተከፍቶ በ2017 የተዘጋው የላንድማርክ ሞል የነበረበት ቦታ ጋ ቆም ይላል። ሞሉ ፈርሶ አሁን ሆስፒታል እየተሠራበት ነው። «እዚህ ጋ ነበር ሰው የማወርደው፤ አንድ ቀንም ገብቼ አላውቅም፣ ከመኪናው አልወርድም ነበር» አለኝ ባለፈው። ያ ወንድማችንም ባለፈው እሑድ አባቱን ይዞ መጥቶ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከፊት ከፊት እየሄዱ ስለ ድሮ ደንበኞቻቸው ሲያወሩ እኛ ልንደርስባቸው አልቻልንም።