ዕውቀትን ለገበሬ ማካፈል ምጽዋት ነውን፥ ወይስ ዕዳን መክፈል?

የተራበ ሰው ከደጅህ ቆሞ ቍራሽ እንጀራ ብትሰጠው ምጽዋት ሰጠ ትባላለህ። ነገር ግን ያ ሰው አምና በክረምት እህል ያበደረህ ጎረቤትህ ቢሆን፥ ቍራሹ ምጽዋት ሊባል ይችላልን? አይባልም። የተበደረ ሰው ብድሩን ሲመልስ ምስጋና አይጠብቅም፤ ባይመልስ ግን ይወቀሳል። በዚህች ጥቂት ገጽ ልመረምረው የምወደው ነገር ከዚህ የሚገናኝ ነው። የእርሻን ጥበብ የተማሩ ሰዎች የተሻለ ዘርና ምክር ይዘው ወደ ድኃ ገበሬ ሲሄዱ፥ ክርስቲያኖችም በዚሁ ሥራ ሲያግዟቸው፥ የሚሰጡት ምጽዋት ነውን፥ ወይስ ዕዳ መክፈላቸው ነው?

ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይምሰልህ። መጽዋች ነኝ የሚል ሰው አነጋገሩም አካሄዱም ከባለ ዕዳ ይለያል። መጽዋች የወደደውን ይሰጣል፥ በወደደው ቀን ይመጣል፤ ገበሬው ያልተቀበለው እንደ ሆነ «ሰነፍ ነው፥ አይገባውም» ብሎ በቅሎውን አዙሮ ይሄዳል። ባለ ዕዳ ግን አበዳሪው የሚፈልገውን ጠይቆ ይሰጣል፤ ባይቀበለውም ሁለተኛ ይመለሳል።

ስለ ቡና የሆነውን ልንገርህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ። አረቢካ የሚባለው ቡና የትውልድ አገሩ በአገራችን ደቡብ ምዕራብ ያለው ደን ነው። በ1971 የቡናን ፍሬ ገና እንጭጭ ሳለ የሚያጠቍር በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በሽታው አስቀድሞ በ1922 በኬንያ ታይቶ ነበር። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ የሻጋታ ወገን ነው፤ ዝናብና ቅዝቃዜ ባለበት ከፍተኛ ስፍራ ይበረታል። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ አርሞና ኰትኵቶ ለለቀማ በወጣ ጊዜ በቅርንጫፉ ላይ ጥቍርና ደረቅ ፍሬ ያገኛል። መድኃኒት መርጨት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ መረጨት ያለበትን መድኃኒት፥ በጓሮው ጥቂት ዛፍ ብቻ ያለው ሰው በምን ገንዘብ ይግዛው?

የጅማ የእርሻ ምርምር ጣቢያ በ1967 ተቋቁሞ ነበር። የጣቢያው ሠራተኞችና ከውጭ አገር የመጡ አጋዦቻቸው መፍትሔውን ከሩቅ አልፈለጉም። በሽታው አብዝቶ ወዳጠፋው የገበሬ ማሳ ሄዱ፤ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ጠቍረው ሳሉ ፍሬው ደኅና ሆኖ የቆመውን ዛፍ ፈለጉ። ከዚያ ዛፍ ዘር ወሰዱ፥ ችግኝ አፈሉ፥ በችግኙም ላይ ሆነ ብለው በሽታውን አኖሩ፤ የሞተው ሞተ፥ የተረፈው ተመረጠ። አረቢካ ቡና አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የአበባ ብናኝ ስለሚፀንስ ልጁ እናቱን ይመስላል፤ ስለዚህም ከመልካሙ ዛፍ ዘር መውሰድ ብቻ ይበቃ ነበር። 74110ና 74112 ተብለው የተጠሩት ዘሮች በኢሉባቦር በመቱ አውራጃ የተገኙ ናቸው፤ በስማቸው መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበትን የ1974ን ዓመት ያመለክታል። በሽታው ከገባ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ በሽታውን የሚቋቋም ዘር ለገበሬ መታደል ጀመረ።

አሁን አስተውል፤ ማን ለማን ሰጠ? ዛፉን ሊቃውንቱ አልፈጠሩትም። አባቶች ከደን አምጥተው በደጃቸው ተከሉት፤ አንድ ዓይነት ብቻ መርጠው ሌላውን ባለማጥፋታቸውም ከብዙዎቹ መካከል በሽታውን የሚችለው ሳይጠፋ ቈየ። የሊቃውንቱን ድካም አልንቅም፤ ገበሬው ብቻውን ዛፉን ፈትኖና አብዝቶ ለሌላው አገር ሊያደርስ ባልቻለ ነበር። ጌታ በምሳሌው መክሊቱን በምድር የቀበረውን ባሪያ የወቀሰው፥ ተቀብሎ ያላበዛው ስለ ሆነ ነው። እነዚህ ግን አበዙት። ቢሆንም የተቀበሉትን ከነትርፉ መለሱ እንጂ ከራሳቸው አልሰጡም።

በብሉይ ኪዳንም ሕግ ባለ እርሻው የእርሻውን ዳር ሳያጭድ ለድኃና ለመጻተኛ እንዲተው ታዝዞ ነበር። ይህ እንደ ልቡ ደግነት የሚያደርገው አልነበረም፤ የድኃው ድርሻ ነበረ። ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው ምዕራፍ፥ ወንጌልን ለማያውቁት ሰዎች ራሱን ባለ ዕዳ አድርጎ ቈጥሯል። እኛም ሌሎች ባዋጡት ገንዘብ በሚስዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠርን ሰዎች፥ ይህ ቃል ሲነበብ ወደ ሌላ ሰው ባንመለከት መልካም ነው።

ዕዳውን የዘነጋ ሰው ወደ ምን እንደሚደርስ ጤፍ ያስተምረናል። በ2005 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ጋር ተዋውሎ የጤፍ ዘር ተቀበለ፤ ከትርፉም ለአገሩ ሊያካፍል ቃል ገባ። በ2007 የጤፍን ዱቄትና አዘገጃጀቱን የሚመለከት የባለቤትነት መብት በአውሮፓ ተሰጠው። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ከተስፋው ጥቅም ወደ አገራችን የደረሰው እጅግ ጥቂት ነው። የባለቤትነቱ ጥያቄ ግን ወደ ሌላ እጅ አልፎ ቈየ፤ በ2018 በሄግ ከተማ ያለው ፍርድ ቤት መብቱ በሆላንድ አገር አይጸናም ብሎ ፈረደ። የወሎና የጎጃም ሴቶች ጤፍ ሲያስፈጩና ሲያቦኩ የኖሩት ስንት ዘመን ነው? ዳኛ እስኪነግረው ድረስ ይህን ያላወቀ ሰው ምን ያህል የተማረ እንደ ሆነ አንተ ፍረድ።

ምናልባት፥ «ገበሬው ራሱ መልካሙን ዘር ሲሰጡት እንቢ ይላል፤ ይህስ የማን ጥፋት ነው?» ትል ይሆናል። እውነት ነው፥ እንቢ የሚል አለ። ነገር ግን ምን እንደ ጠየቅነው እንመልከት። አዲስ የተተከለ ቡና እስኪያፈራ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል። አርጅቶም ቢሆን የሚያፈራውን ዛፍ ነቅለህ አዲሱን ትከል የምንለው ሰው፥ እነዚያን ዓመቶች ልጆቹን በምን ያብላ? መካሪው ዝናቡ ቢመጣም ቢቀርም በወሩ መጨረሻ ደመወዙን ይቀበላል። ዘሩ የማይስማማ ቢሆን የሚራበው ገበሬው ብቻ ነው። ደግሞም አለመስማማት አለ፤ ከደቡብ ምዕራብ የተመረጠው ቡና ወደ ሲዳማና ወደ ሐረርጌ ሲወሰድ እንደ ትውልድ አገሩ አልሆነም፥ ጣዕሙም የየአገሩ ጣዕም አይደለም። ስለዚህ መርማሪዎቹ ኋላ ለየአገሩ ከራሱ ዘር መምረጥ ጀመሩ። እንቢ ያለው የሐረርጌ ገበሬ ሰነፍ ነበርን? በእኔ አሳብ ከመካሪው የተሻለ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ዕዳውን የሚከፍል ሰው፥ «ከማሳህ ጥቂቱን ብቻ በአዲሱ ሞክር፥ የቀረው ይቈይልህ» ይበል፤ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ዓመት ተመልሶ ይይ።

አንተ ግን የእርሻ ሊቅ አይደለሁም፥ ይህ አይመለከተኝም ትል ይሆናል። ማንበብ ከቻልህ ይመለከትሃል። እንሰት በሚተከልበት አገር ያለህ እንደ ሆነ፥ ቅጠሉን አጠውልጎ ግንዱን የሚያበሰብሰውን አጠውልግ የሚባለውን በሽታ ታውቃለህ። ሊቃውንት ምክንያቱን ለይተው በ1968 ጻፉት፤ ከታመመው እንሰት ወደ ደኅናው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ የሚቈርጡበት ቢላዋ ነው። ዋጋ የሚጠይቅ መድኃኒት አልተገኘለትም። የሚረዳው የታመመውን ነቅሎ መቅበር፥ ከብትን ከማሳው መከልከል፥ ቢላዋውንም ከአንዱ ወደ ሌላው ሳያሳልፉ በእሳት ማጽዳት ነው። ይህን አውቀህ በጓሮህ ብቻ ብታደርገው በሽታው ከጎረቤትህ ማሳ ተመልሶ ይመጣብሃል። በመንደራችን ደግሞ ቢላዋ መዋዋስ የተለመደ ነው። እንግዲህ የተዋስኸውን ቢላዋ ስትመልስ በእሳት አሳልፈህ መልስ፤ ለምን እንዲህ እንዳደረግህም ቁጭ ብለህ ለባለቤትዋ ንገራት፤ እርስዋም ስለ እንሰትዋ የምታውቀውን ስትነግርህ ስማ።