በሰው ትዳር ላይ ስለ መፍረድ

የባልና የሚስትን ጠብ የሚተርክ ልብ ወለድ መጽሐፍ ስናነብ ሳናውቀው ዳኞች ሆነን እንቀመጣለን። አንዱን እናጸድቃለን፤ ሌላውን እንኰንናለን። ይህ ፍርዳችን ግን የቀና ነውን?

ጆርጅ ኤልየት በሚል የብዕር ስም ትጽፍ የነበረችው እንግሊዛዊት ሜሪ አን ኢቫንስ፥ እ.ኤ.አ. ከ1871 እስከ 1872 በስምንት ክፍል ያሳተመችው «ሚድልማርች» የተባለ መጽሐፍ ይህን ጥያቄ ያስነሣል። ሊድጌት የሚባል ወጣት ሐኪም ሮዛሞንድ የተባለችውን መልከ መልካም ልጅ ያገባል። እርሱ የተመኘው ከምርምሩ ድካም የምታሳርፈውን ገር ሴት ነበር፤ እርስዋም የተመኘችው ከትንሽ ከተማ አውጥቶ ከታላላቆች ጋር የሚያስቀምጣትን ባለ ዘር ጌታ ነበር። እንግዲህ ሁለቱም የተጋቡት ከምኞታቸው ጋር ነው።

ጥቂት ቈይቶም ለቤት ዕቃ በዱቤ የተገዛው ሁሉ ዕዳ ሆኖ መጣባቸው። ሊድጌት እጅግ እስኪጨንቀው ድረስ ነገሩን ከሚስቱ ሸሸገ። በኋላ ቤቱን ለሌላ አስተላልፎ በአነስተኛ ቤት ለመኖር ቢቈርጥ፥ ሮዛሞንድ ሳታማክረው ወደ ደላላው ሄዳ ትእዛዙን ሻረች፤ ገንዘብ እንዲረዳቸውም ለአጎቱ በስውር ደብዳቤ ጻፈች። የተመለሰላቸው ቍጣ ብቻ ሆነ።

እኔም በመጀመሪያ ንባቤ ሮዛሞንድን ያለ ርኅራኄ ኰንኜአት ነበር። ደግሜ ባነበብሁ ጊዜ ግን አስቀድሞ ምክሩን የከለከላት እርሱ መሆኑን አስተዋልሁ። ባልዋ እንደ ጌጥ እንጂ እንደ ባልንጀራ ያላያት ሴት፥ በችግር ቀን ባልንጀራ ሆና ባትገኝ ስለ ምን ይደነቃል? ይህ ስውር ሥራዋን አያጸድቅም፤ የጥፋቱ ሥር ግን ከሁለት ወገን መሆኑን ያሳያል።

ደራሲዋም ይህን የምታስተምረን ሆን ብላ ነው። በዚያው መጽሐፍ ስለ ሌላዪቱ ወጣት ሙሽራ ስለ ዶሮቲያ ስትተርክ፥ የሚስቲቱን ኀዘን ብቻ ማውራትዋን ራስዋ ትነቅፍና ወደ አረጀው ባልዋ ልብ ታስገባናለች። በዚያም ጨካኝ ነው ያልነው ሰው የዕድሜ ልክ ድካሙ ከንቱ እንዳይሆንበት የሚፈራ ምስኪን ሆኖ እናገኘዋለን።

በእኛ ዘንድ ደግ ሽማግሌዎች የተጣሉ ባልና ሚስትን ሲያስታርቁ ሁለቱንም ሳይሰሙ አይፈርዱም። አንባቢም እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል። መጽሐፉን ዘግተን የምንመለሰው ወደ ገዛ ቤታችን ነውና፤ በዚያ ደግሞ እኛው ራሳችን ባለ ጉዳዮች ስለ ሆንን ከዳኝነት ወንበር ወርደን የሌላውን ቃል ልንሰማ ግድ ነው።