የቆመች ስኩተርና የምክንያት ጥያቄ

ሰው የሚገለገልበት መሣሪያ እንደ ልማዱ ሲታዘዝለት ስለ ምክንያት አይጨነቅም፤ እንቢ ባለው ሰዓት ግን ፊደል ያልቈጠረው ሳይቀር ይፈላሰፋል። በኤሌክትሪክ ስኩተር ከቢቸና ወደ ደብረ ወርቅ፣ ወይም ከሞጣ ወጣ ብሎ ወደ ገጠር የሚሄድ መንገደኛ፣ ባትሪው ሌሊቱን ቻርጅ ሲደረግ አድሮ ሙሉ መሆኑን እያየ፣ መብራቱ እየበራለት፣ ጥሩምባውም እየጮኸለት፣ ጋዙን በጠመዘዘ ጊዜ ጎማው አልነቃነቅ ቢለው፣ አስቀድሞ በልቡ የሚመላለሰው «ምኑ ተበላሸ?» የሚለው ሳይሆን «ምን በድዬ ነው?» ወይም «የማን ዓይን አረፈበት?» የሚለው ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ፣ ጎጃምን ከብቦ የሚወርደው ዓባይም በጉባ የተሠራለት ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ በኤሌክትሪክ መጓዝ የሩቅ ወሬ መሆኑ ቀርቷልና ነገሩ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም።

ጥያቄው ግን ከስኩተር እጅግ ይቀድማል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ የጠየቁት ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ ነበር፤ ጌታ ግን የእርሱም የወላጆቹም አለመሆኑን ነግሮ፣ በቃሉ ብቻ ሊያድነው ሲቻለው፣ ምራቁን ከአፈር ለውሶ ዓይኑን ቀባውና በሰሊሆም እንዲታጠብ ላከው። ከዚህ የምረዳው፣ ምክንያተ ኵሉ የሆነው እግዚአብሔር ራሱ ቅርቡን ምክንያት፣ ጭቃውንና ውሃውን፣ እንዳልናቀው ነው። እርሱ ያልናቀውን እኛ ዘልለን የሽቦውን ጥፋት ለሰይጣን፣ የዝገቱን ጥፋት ለጎረቤት ዓይን ስንሰጥ መንፈሳዊነት ይመስለናል፤ በእኔ ፍርድ ግን ጸሎት የለበሰ ስንፍና ነው። የእስልምናው ሊቅ አል ገዛሊም እሳት ጥጥን የሚያቃጥለው በራሱ ሥልጣን ሳይሆን በፈጣሪ ፈቃድ ነው ብሎ አስተምሯል፤ ይሁን እንጂ ይህን ያመነ ሁሉ ጥጡን ከምድጃ ዳር አላኖረም።

በቢቸና አቅራቢያ ባለው በዲማ ጊዮርጊስ፣ በሌሎቹም የጎጃም ጉባኤ ቤቶች፣ የመጻሕፍት መምህር አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም» እያለ ሲተረጕም ሁለተኛው ትርጓሜ የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ጎን ለጎን ይጸናሉ። የመካኒክም ሐተታ እንዲሁ ይጀመራል፤ አንድም ከቁልፉ፣ አንድም ከፊውዙ፣ አንድም ከጋዙ፣ አንድም የሞተሩን ኃይል ከሚቈጣጠረው ከኮንትሮለሩ ይላል፤ ፍጻሜው ግን አንዱን አጽንቶ የቀሩትን መሻር ነውና፣ የሚከብደው መላ መምታቱ ሳይሆን የመቱትን መላ መተዉ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ ሊመረመር የሚገባው፣ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚረሳው፣ የፍሬን እጀታው ነው። በእጀታው ሥር ከጥፍር እምብዛም የማትበልጥ ማብሪያ ማጥፊያ አለች፤ ፍሬን ሲያዝ ለኮንትሮለሩ ምልክት ትሰጣለች፣ እርሱም ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል ይቈርጣል። የክረምት ጭቃ ገብቶባት ወይም ዝጋ እንደ ተጫነች ከቀረች፣ ነጂው እጁን ቢለቅም ኮንትሮለሩ ፍሬን እንደ ተያዘ ይቈጥራል፤ ባትሪው ሙሉ፣ ሞተሩ ጤነኛ፣ ጋዙም ደኅና ሆነው ሳለ ስኩተሯ አትሄድም። ምልክቱ ከኋላ ነው፤ ማንም እጀታውን ሳይነካው ቀይዋ የፍሬን መብራት ትበራለች። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ጠላቱን የሚያማ ሰው ይህችን መብራት ከቶ አያያትም፤ መውረድና መዞር አለበት።

የባትሪውም ነገር እንዲሁ ያታልላል። ባለ 48 ቮልት ስኩተር ብዙ ጊዜ ባለ 12 ቮልት አራት ባትሪዎች በተርታ የተያያዙላት ናት፤ ከአራቱ አንዱ ቢደክም፣ ቆማ ሳለች በቴስተር ሲለካ ድምሩ ደኅና ሊመስል ይችላል፤ መብራትና ጥሩምባ የሚሹት ኃይል ጥቂት ነውና እነርሱም በሐሰት ይመሰክሩለታል። ጋዝ ተሰጥቶ ሸክም ሲያርፍበት ግን ቮልቱ ወዲያው ይወድቃል፤ ኮንትሮለሩም ይዘጋል። ስለዚህ ባትሪ የሚለካው ሸክም ተጭኖበት ሳለ ነው፤ ያዕቆብ በመልእክቱ ስለ ሃይማኖትና ስለ ምግባር ያስተማረውም ከዚህ አይርቅም።

እንግዲህ በቢቸናም ሆነ በሞጣ መንገድ ስኩተርህ የቆመችብህ አንባቢ ሆይ፣ መጸለይህን ማንም አይከለክልህም፤ ነገር ግን ባትሪውን ከመፍታትህ በፊት ወደ ኋላ ዞረህ ቀይዋን መብራት ተመልከት። በርታ ካገኘሃት ጭቃውን ጠርገህ እጀታውን ወደ ቦታው መልሰው፤ አሁንም እንቢ ካለች ቁልፉን አጥፍተህ የማብሪያ ማጥፊያዋን ሶኬት ንቀል፣ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥተህም፣ ቁልፉን መልሰህ ከፍተህ፣ ጋዙን በቀስታ ሞክር። ጎማው ከዞረ ጥፋቱ ከዚያ ነበረ፤ ይሁንና ሶኬቱ እንደ ተነቀለ ቁልቁለት አትውረድ፤ ፍሬን ስትይዝ ሞተሩ መግፋቱን ላያቆም ይችላልና።